አያቴ ንግዱን ያበዙት በብልኀት ነው ወይስ በአዋጅ?

የመጋላ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የቤተሰባችንን የንግድ ታሪክ ለልጆቻችን በጽሑፍ ላቆይ ብዬ ከተነሣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ተገትሬ ስለቀረሁ፣ የታሪክም ሆነ የሕግ ዕውቀት ያላችሁ እንድታግዙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አያቴ ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈቱት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። በጅቡቲ ባቡር የሚገባውን አቡጀዲና ካኪ ከጅምላ ነጋዴዎች በዱቤ እየወሰዱ፣ ከገጠር ለሚመጡ ነጋዴዎች ደግሞ እሳቸው በዱቤ ያከፋፍሉ ነበር። ሱቁ እስከ አብዮቱ ድረስ ከጨርቅ በቀር ሌላ ነገር ሸጦ አያውቅም። ዛሬ በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው እጅ ያለው ግን ዳቦ ቤት፣ የእህል ወፍጮ፣ የተማሪዎች የደንብ ልብስ መስፊያና የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሲሆን፣ ከመካከላችን ጨርቅ የሚሸጥ አንድም ሰው የለም።

በየሠርጉና በየተዝካሩ የምንሰማው ትረካ፣ አያቴ አርቀው የሚያዩ ሰው ስለነበሩ አንዱ ሲከስር ሌላው እንዲደግፈው አስበው ልጆቻቸውን በየዘርፉ አሰማሩ የሚል ነው። እኔ ግን የዱቤ መዝገባቸውን ገልጬ ሳይ ትረካው አልገጠመልኝም። መዝገቡ በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ በግራ የባለዕዳው ስም፣ በቀኝ የጨርቁ ዓይነትና ልክ፣ ዕዳው ሲከፈል ደግሞ በስሙ ላይ የሚሰመር አንድ መስመር አለው። ከጥር 1967 ዓ.ም. በኋላ አዲስ ስም አይገባበትም፤ መስመር ያልተሰመረባቸው ስሞች እንደተንጠለጠሉ ቀርተዋል። ቀጥሎ ያገኘሁት ደብተር በ1968 ይጀምራል፤ የእጅ ጽሑፉ የሌላ ሰው ሲሆን የሚያወራውም ስለ ዱቄት ነው። አጎቴን ስጠይቃቸው «አባቴን ልታሳንስ ነው የመጣኸው?» ብለው ተቆጡኝ። በሁለቱ ደብተሮች መካከል ምን እንደተፈጠረ ለመረዳት ምን ልመልከት?

የነጋሪት አንባቢ

መዝገቡ የቆመበትን ወር በማየት ብቻ የመልሱን ግማሽ መገመት ይቻላል። ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የተወረሱት ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ነው፤ ጥር 26 ቀን ደግሞ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ፣ ሌሎች 29 ድርጅቶች በአብላጫ ድርሻ ወደ መንግሥት ተዛወሩ። የእርስዎ አያት ሱቅ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሚያስገባ መጠን አልነበረውም። ነገር ግን ጨርቁን በዱቤ የሚያቀርበው ጅምላ ነጋዴ ሲወረስ ወይም ሥራውን ሲያቆም፣ ሱቁን ማንም ሳይነካው ምንጩ ይደርቃል። የተንጠለጠሉት ስሞች የሚነግሩን ይህንን ይመስለኛል።

ወሳኙ ሕግ ግን ከዓመት በኋላ በታኅሣሥ 1968 የወጣው የግል ንግድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 76 ነው። ይህ አዋጅ የግለሰብን ካፒታል ለኢንዱስትሪ በ500,000 ብር፣ ለጅምላ ንግድ በ300,000 ብር፣ ለችርቻሮ በ200,000 ብር ከመገደቡም በላይ፣ አንድ ሰው ከአንድ የበለጠ የንግድ ፈቃድ እንዳይዝ ከለከለ። እንግዲህ በዚህ ሕግ ሥር ሱቁን ማስፋት የሚፈልግ ቤተሰብ ያለው አማራጭ ምንድን ነው? ባል አንድ ፈቃድ፣ ሚስት ሌላ ፈቃድ፣ ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ ሦስተኛ ፈቃድ ማውጣት ነው። ስለዚህ የቤተሰባችሁ ንግድ በየዘርፉ የተበተነው በአንድ ሰው አርቆ አሳቢነት ሳይሆን ሕጉ በከፈተው ጠባብ በር ሲሾልክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ቢያጣሩ የምመክረው ነገር አለ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ሐምሌ 19 ቀን 1967 ሲታወጅ፣ የተወረሱት ቤቶች ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። ሱቁ ያለበት ቤት የማን ነበር? አዋጆቹን በሙሉ ቃላቸው ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ሄደው ከነጋሪት ጋዜጣ ያንብቡ፤ ሰው የሚያስታውሰው አዋጅና የተጻፈው አዋጅ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ።

የመጋላ ልጅ

እጅግ አመሰግናለሁ። ቤቱ የአያቴ ነበር። የቀበሌ የኪራይ ደረሰኝ በካርቶን ሞልቶ ሳገኝ የሌላ ሰው መስሎኝ አስቀምጬው ነበር፤ አሁን ስመለከተው ለገዛ ሱቃቸው በየወሩ የከፈሉት ኪራይ መሆኑ ገባኝ። አንዱም ወር አልተዘለለም።

ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ

ልጄ፣ ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ የጎደለው ግን ድሬዳዋ ራሷ ናት። እኛ ከተማ ጨርቅ ማለት ባቡር ማለት ነው። ከተማዋ የቆመችው ሐዲዱ በ1895 እዚያ ስለደረሰ ነው፤ ያኔም «አዲስ ሐረር» ነበር የሚሏት። በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ሲገባ ድልድዮቹ ፈረሱ፣ ነሐሴ ላይ ውጊያው ከተማችን ደጃፍ ደረሰ፣ መስመሩም ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋረጠ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የመንግሥት ሆኗል፣ ከጅቡቲ የሚገባ የለም፣ የተገኘውም በኮታ ለኅብረት ሱቅ ይከፋፈላል። ታዲያ ጨርቅ ነጋዴ ምን ሊሸጥ ነው? ወታደሩም ተፈናቃዩም በየቀኑ የሚፈልገው ዳቦ ነበር፤ ወደ ዳቦ የዞረው ሁሉ ዕቅድ አውጥቶ የዞረ አይምሰልህ።

የባንክ ብድር ለእንደ አያትህ ያለ ነጋዴ የማይታሰብ ስለነበር ምድጃውም ወፍጮውም የተገዛው በዕቁብ ነው። የዕቁብ ዳኛ ማን እንደነበር ጠይቅ፤ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት የበለጠ መዝገብ እሱ ቤት ታገኛለህ። ስለ ኮንትሮባንድም ሰዎቹን ሳታሳፍር በዘዴ ጠይቅ። እሱ የሌለበትን የድሬ የንግድ ታሪክ ብትጽፍ የመጋላ ሰው ይስቅብሃል።

የታሪክ መምህር

የነጋሪት አንባቢን አስተያየት በከፊል እቀበላለሁ፣ በከፊል ግን አልቀበልም። አዋጁ ለሁሉም አንድ ነበር፤ በዚያው ዓመት፣ በዚያው መንገድ ላይ ስንት ሱቅ ተዘግቶ ቀረ? ስለዚህ አዋጁ ንግዱ ለምን እንደተከፋፈለ ቢያስረዳም ለምን እንዳልጠፋ አያስረዳም።

ለንጽጽር ትልልቆቹን እንመልከት። መሐመድ አሊ ተብሎ የሚታወቀው የሕንዶች የንግድ ቤት ሐረር ላይ ሥር ሰድዶ በምኒልክ ዘመን ከአገሪቱ ታላላቅ አስመጪዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በወረራው ዘመን ፋሺስቶች አባረሩት። ፈረንሳዊው አንቶኒን ቤስ ደግሞ ዓደን ላይ ተቀምጦ ከቆዳ እስከ ቡና፣ ከመርከብ እስከ ነዳጅ ውክልና ድረስ ያልነካው ነገር አልነበረም፤ በኦክስፎርድ የቅዱስ አንቶኒ ኮሌጅ የተመሠረተው እሱ በሰጠው ገንዘብ ነው። በዘርፍ ብዛት ቢሆን ኖሮ የቤስን ቤት የሚደፍረው አልነበረም። ሆኖም ደቡብ የመን ነጻ ከወጣች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969፣ የዓደኑ ድርጅት ተወረሰ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረውም ከደርግ ውርስ አላመለጠም። ዘርፉ ቢበዛም ሁሉም በአንድ ስም ሥር ነበርና አንድ ፊርማ በቃው።

የእናንተ ቤተሰብ ያመለጠው ትንሽ ስለነበረ፣ ስሙም ስለተከፋፈለ ነው። ነገር ግን ንብረትን በሌላ ሰው ስም ማድረግ በዚያ ዘመን ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ ስሙን የሰጠው ሰው ቢክድ አቤት የሚባልበት ቦታ አይገኝም። የአያትዎን ብልኀት ከፈለጉ «ዳቦ መጋገር» ላይ ሳይሆን ለማን ምን ስም እንደሰጡ ይመልከቱ። አጎትዎም ሲቆጡ ፍጹም ተሳስተዋል ለማለት ያስቸግራል።

የሒሳብ ሠራተኛ

እኔ የምጨምረው ከ1982 ወዲህ ስላለው ነው፤ ምክንያቱም የቤተሰብ ንግድ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ደርግ ሲወድቅ ችግሩ ያለቀ አስመስለው ይዘሉታል።

በ1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የካፒታሉም የፈቃዱም ገደብ ላላ፤ ከ1983 በኋላ ደግሞ ብዙ ቤተሰቦች በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ጀመሩ። በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ችግር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በ1968 «ለስሙ ብቻ» ፈቃድ ያወጣው ልጅ በሕግ ፊት ለ15 ዓመት ባለቤት ሆኖ ኖሯል፤ ግብሩን በስሙ ከፍሏል፣ ሌሊት ተነሥቶ ያቦካውም እሱ ነው። «ና፣ አንድ ማኅበር እንሁንና እኩል እንካፈል» ሲባል እሺ የሚለው በምን ምክንያት ነው? እህቶቹ ደግሞ መነሻው ገንዘብ የአባታችን ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። የእርስዎ ቤተሰብ አራት ድርጅት ያለው ምናልባት ስላደገ ሳይሆን መልሶ መዋሐድ ስላልቻለ እንዳይሆን ያጣሩ፤ እኔ በግሌ መንግሥት ከወረሰው ይልቅ በዚህ ክርክር የፈረሰ ንግድ ብዙ አይቻለሁ።

ስለ ቤቱ አንድ ነገር ልበል። በ1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 የሚመለከተው ከአዋጆቹ ውጭ ያለ አግባብ የተወሰደ ንብረትን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 47 በአግባቡ ተወረሰ የተባለ ቤት በዚያ መንገድ አይመለስም። ቤተሰቡ አመልክቶ ከነበረ ግን ከማመልከቻው ጋር የተያያዙት ማስረጃዎች ለታሪክ ጸሐፊ ወርቅ ናቸው፤ ቅጂ እንዳለ ይጠይቁ።

የነጋሪት አንባቢ

የታሪክ መምህሩን እርማት እቀበላለሁ። ጠባብ በር ነው ያልኩት በርግጥ ሁሉንም አላሳለፈም።

የመጋላ ልጅ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ የሁላችሁንም ምክር ይዤ ነው። ጥያቄውን ለውጬ አጎቴን «አያቴ ለምን ዳቦ ቤት ከፈቱ?» ማለቱን ትቼ «ፈቃዱ በማን ስም ነበር?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና ከቁም ሣጥን ላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወረዱ።

ውስጡ አራት ፈቃዶች ነበሩ። የዳቦ ቤቱ በአጎቴ ስም ነው፤ የ1968ቱ ደብተር ጽሑፍም የእሳቸው የ22 ዓመት እጅ መሆኑን ነገሩኝ። ወፍጮው በአያቴ ወንድም ስም ሲሆን፣ መለዋወጫው በ1983 የመጣ፣ ከነገሩ ጋር ግንኙነት የሌለው የአክስቴ ባል ሥራ ሆኖ ተገኘ። የአያቴ ስም ያለው በጨርቅ ችርቻሮው ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም በ1970 መልሰዋል። የዕቁቡ ዳኛ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ግን ደብተሩን እንደሚያሳዩኝ ቃል ገብተውልኛል። የሒሳብ ሠራተኛው የጠረጠሩትም እውነት ነው፤ በ1986 ለመዋሐድ ሞክረው ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል፤ አጎቴ «ይህንን አትጻፍ እንጂ ሌላውን ጻፍ» ብለውኛል።

ትልቁ ነገር ግን አራተኛው ነው። የልብስ ስፌቱ ፈቃድ በሴት አያቴ ስም ነው፤ በፊርማ ፈንታ የአውራ ጣት አሻራ አለበት። በሠርጉም በተዝካሩም ሲነገር ሴት አያቴ ነጋዴ ነበሩ የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም። አጎቴን ስጠይቃቸው «እኛን ያስተማረን እሱ ስፌት ነው፤ ዳቦ ቤቱ እስከ 1972 ድረስ ትርፍ አልነበረውም» አሉ፤ እንደ ቀላል ነገር። ፈቃዱ ላይ ካፒታል በሚለው ቦታ የገንዘብ መጠን አልተሞላም፤ «ሁለት የስፌት መኪና፣ አንዱ የሚሠራ» ተብሎ ተጽፎበታል።