«ዩቢሉስ»ን በአማርኛ ምን እንበለው? ስለ ደስታ ቃላት በመካከለኛው ዘመን መንፈሳዊ ጽሑፎች

ጥያቄ፦ ውድ አባላት፣ በመካከለኛው ዘመን የላቲን መንፈሳዊ ጽሑፎች ውስጥ የሚገኙት ዩቢሉስ፣ ኤክሱልታሲዮና ጋውዲዩም ሦስቱም «ደስታ» ተብለው ሲተረጎሙ አያለሁ። አማርኛችን የሚለያቸው ቃል የለውም?

መልስ፦ አለው፤ «ደስታ» የሚለው ቃል ሁሉንም ጠቅልሎ ስለሚወስድ ነው ሌሎቹን የምንዘነጋቸው። ከዩቢሉስ ልነሣ። የዚያ ዘመን ሊቃውንት ይህን ቃል የተረዱት በአብዛኛው በሰሜን አፍሪካው ጳጳስ በአውግስጢኖስ (354–430 እ.ኤ.አ.) በኩል ነው። እርሱ መዝሙር 32ን (በዕብራይስጡ አቆጣጠር መዝሙር 33) ሲያብራራ፣ አጫጆችና ወይን ለቃሚዎች ሥራቸው ላይ ሆነው በቃላት መዘመር ይጀምሩና ደስታው ሲሞላባቸው ቃላቱን ትተው ድምፅ ብቻ እንደሚያሰሙ ይናገራል። እግዚአብሔር በቃል የማይነገር ከሆነ፣ ዝም ማለትም የማይገባ ከሆነ፣ ልብ ያለ ቃል ከመደሰት በቀር ምን ቀራት የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። በኋላም በምዕራቡ ቅዳሴ በ«ሃሌ ሉያ» የመጨረሻ ድምፅ ላይ ቃል ሳይጨመርበት ተስቦ የሚዜመው ዜማ ዩቢሉስ ተባለ።

የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚሁ ቦታ ላይ «አዲስ ቅኔም ተቀኙለት፥ በእልልታም መልካም ዝማሬ ዘምሩ» ይላል። እልልታ ከሠርግ ቤት እስከ ታቦት ንግሥ ሲሰማ «ምን ተባለ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ከአፍ ይወጣል እንጂ ቃል አይደለምና አውግስጢኖስ የገለጸው ነገር ራሱ ነው። ግእዙ ደግሞ ይባቤ አለው፤ በዕርገት በዓል የምንሰማው «ዐርገ እግዚአብሔር በይባቤ» በላቲኑ ዳዊት የተጻፈው በዚሁ በዩቢሉስ ነው። ስለዚህ ለዩቢሉስ «እልልታ»ን፣ ከፍ ላለ አጻጻፍ «ይባቤ»ን እመርጣለሁ።

ለኤክሱልታሲዮ ብዙ መድከም አያስፈልግም። የሥነ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኵይናስ (1274 እ.ኤ.አ. ያረፈው) ይህ ቃል የውስጥ ደስታ ወደ ውጭ ፈንቅሎ ሲወጣ የሚታየውን ምልክት ያመለክታል ይላል፤ ቃሉም ከመዝለል የመጣ ነው። በተራ ንግግር «ጮቤ ረገጠ» የምንለው ይኸው ነው፤ ለጸሎት መጽሐፍ ግን «ሐሤት አደረገ» ይስማማዋል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ነፍስ ወደ እግዚአብሔር በደረጃ ትወጣለች የሚሉት ጸሐፍት እነዚህን ቃላት የሚያመጡት መጨረሻው ላይ ይመስለኛል። ለምን ይሆን? ጋውዲዩምስ?

መልስ፦ የፍራንቸስኮሳውያን ማኅበር መነኩሴ የነበረውን ቦናቬንቱራን እንይ። እርሱ የማኅበሩ መሥራች ፍራንቸስኮስ በእጁና በእግሩ የክርስቶስን ቁስል ምልክት በተቀበለበት በኢጣሊያው ላ ቬርና ተራራ ላይ፣ 1259 እ.ኤ.አ.፣ ነፍስ በስድስት ደረጃ ከፍጥረት ወደ ፈጣሪ እንዴት እንደምትወጣ አሰበ፤ ሐሳቡንም በመጽሐፍ ጻፈው። ስድስቱን ደረጃዎች በጥንቃቄ ካስረዳ በኋላ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ፣ ይህ እንዴት እንደሚሆን የሚጠይቅ ሰው ጸጋን እንጂ ትምህርትን፣ ናፍቆትን እንጂ ማስተዋልን፣ የጸሎትን መቃተት እንጂ የንባብን ትጋት አይጠይቅ ይላል። እንዲህ የሚለው ትምህርትን የናቀ ሰው አይደለም፤ የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ቃላት እስከ ስድስተኛው ደረጃ አድርሰውታል፤ ከዚያ በላይ የሚሄደው ፍቅር ነው፣ ስለዚህም ከቃል ያለፈ ደስታ የሚነሣው እዚያ ነው።

ጋውዲዩም ግን ከዚህ ይለያል። ቶማስ ይህን ቃል የሚሰጠው አእምሮ ለሚያውቀው ደስታ ብቻ ነው፤ እንስሳት የስሜት ደስታ አላቸው እንጂ ጋውዲዩም የላቸውም። ከእርሱ በፊት መነኩሴው አንሴልም በኖርማንዲው ቤክ ገዳም በ1077 እና በ1078 እ.ኤ.አ. መካከል በጻፈው ፕሮስሎጊዮን በተባለ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ወንጌልን ይዞ ይጠይቃል፦ «ወደ ጌታህ ደስታ ግባ» ለምን ተባለ? መልሱም፣ ደስታው በሙሉ ወደሚደሰቱት አይገባም፣ የሚደሰቱት ግን በሙሉ ወደ ደስታው ይገባሉ የሚል ነው። እኛ «ልቤ በደስታ ሞላ» ስንል ልብን ዕቃ፣ ደስታን የሚሞላው ነገር እናደርጋለን፤ አንሴልም ግን ይገለብጠዋል፣ ምክንያቱም በእርሱ ዘንድ ይህ ደስታ ከሰው ልብ የሚሰፋ ነውና።

ስለዚህ ጋውዲዩምን «ደስታ» ብሎ መተው ይሻላል። «ፍሥሓ» ክብር ያለው ይመስላል፣ የግእዙ ወንጌልም በዚያ ቦታ ይጠቀምበታል፤ ነገር ግን አማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው አንሴልም የማቴዎስን ቃል እየጠቀሰ መሆኑን የሚያውቀው «ደስታ» የሚለውን ሲያይ ነው።