የፋብሪካ አውቶሜሽን ልምድ ለጭነት መርከብ ያገለግላል?

የጠባሴው (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የመጠጥ ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ጥገና ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ፒኤልሲ (ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) እና ስካዳ (መላውን መስመር ከስክሪን መከታተያ ሥርዓት) ለእጄ እንግዳ አይደሉም። አሁን የመርከብ ኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንን (የመርከቡን ኤሌክትሪክና መቆጣጠሪያ የሚጠግን ባለሙያ) ለመሆን መሠልጠን አስቤ ስለ ሥራው ሳነብ አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። በእኛ ማምረቻ መስመር የማሽን ሙቀት ከወሰኑ ካለፈ መቆጣጠሪያው ወዲያው ያቆመዋል። የመርከብ ዋና ሞተር ግን በብዙዎቹ ብልሽቶች ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ አይቆምም፤ ቅነሳውንም ቢሆን ከመርከቡ ማዘዣ ክፍል መሻር ይቻላል። ይህ ሞተሩን ለጥፋት መዳረግ አይሆንም?

ከሸዋ ሮቢት
ወንድሜ፣ ጭነት የያዘ መኪና የጣርማበርን ቁልቁለት እየወረደ ሳለ ሞተሩ ሙቀት በዛብኝ ብሎ ራሱን ቢያጠፋ ምን እንደሚሆን ያስቡት። ፋብሪካ ሲቆም የሚበላሸው ምርት ነው፤ በጠባብ መተላለፊያ ያለ መርከብ ሞተሩ ሲቆም ግን በመሪው (ከኋላ ውሃ ውስጥ ባለው አቅጣጫ መቀየሪያ ሰሌዳ) ላይ የሚያልፈው ውሃ ስለሚቀንስ መሪው ኃይሉን ያጣል፣ መርከቡም ነፋስና ሞገድ ወደ ወሰዱት ይሄዳል። ስለዚህ ብልሽቶቹ በክብደታቸው ይለያሉ፦ የማለስለሻ ዘይት ግፊት እጅግ ሲወርድ ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ሲፈጥን ይቆማል፤ የጭስ ወይም የማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት ሲጨምር ግን ማስጠንቀቂያ ይሰጥና ይቀንሳል። መሻሪያውም ያለው ካፒቴኑ ከመርከቡና ከሞተሩ አንዱን መምረጥ ግድ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ነው።

በሌሊት ሰው የማይጠብቀው የሞተር ክፍል ያለው መርከብ ላይ ማስጠንቀቂያው በተረኛው መሐንዲስ መኝታ ክፍል ይጮኻል፤ በተወሰነለት ጊዜ ካልመለሰ ሌሎቹም ይጠራሉ።

ኤሌክትሪሻን
ለሙያ ባልደረባዬ ይበልጥ የሚቀርብ ምሳሌ ልጨምር። በፋብሪካ ሞተር ሲጨናነቅ ኦቨርሎዱ (የኤሌክትሪክ ጭነት ሲበዛ የሚያቋርጠው መከላከያ) ይቆርጠዋል። የመርከብን መሪ የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ግን ከአጭር ዙር መከላከያ ቢኖረውም ለጭነት መብዛት የተሠራለት ማስጠንቀቂያ እንጂ መቁረጫ አይደለም፤ ሞተሩ ቢቃጠል እንኳ መሪው እስከ መጨረሻው መሥራት አለበት የሚል ሐሳብ ነው። መስመሩም ብዙ ጊዜ 440 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን ከመርከቡ ብረት ጋር ያልተገናኘ ነው፤ አንድ ሽቦ ብረቱን ቢነካ ብሬከር አይወርድም፣ የኢንሱሌሽን መለኪያው (ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ መፍሰሱን የሚከታተለው) ያሳውቃል፣ ሥራው ይቀጥላል። ያችን የመጀመሪያ ስህተት ፈልጎ ማግኘት የእርስዎ ተግባር ይሆናል፤ ሁለተኛው ሲጨመርበት አጭር ዙር ይሆናልና። (እኔ በዚህ አድካሚ ፍለጋ ብዙ ሌሊት አሳልፌአለሁ።)

የጠባሴው (ጠያቂ)
አመሰግናለሁ። ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለ መብራት ሙሉ በሙሉ የሚጠፋበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከሸዋ ሮቢት
ብዙውን ጊዜ ከትንሽ ነገር ይጀምራል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2024 ዳሊ የተባለው የኮንቴይነር መርከብ በባልቲሞር መብራት ጠፍቶበት ከድልድይ ጋር ተጋጭቶ በድልድዩ ላይ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርማሪዎች ለመጀመሪያው መጥፋት ምክንያት ሆኖ ያገኙት አንድ የላላ ሽቦ ነው፦ የሽቦው መለያ ጽሑፍ የታሰረበት ቦታ ጫፉ ተርሚናሉ ውስጥ በሚገባ እንዳይገባ ከልክሎት ነበር። መብራት ሲጠፋ የአደጋ ጊዜ ጀነሬተር በ45 ሰከንድ ውስጥ ኃይል መስጠት እንዳለበት ዓለም አቀፉ የመርከብ ደህንነት ደንብ ያዛል፤ በጠባብ መተላለፊያ ግን 45 ሰከንድ ረጅም ነው። ስለዚህ ፋብሪካ ውስጥ ሽቦን አንድ በአንድ ስቦ የማረጋገጥ ልማድ ካለዎት፣ ከስካዳው ይልቅ ይዘውት የሚሄዱት ትልቁ ዕቃ እሱ ነው።