የ7 ወር ልጃችን ማቆያ አልለምድ አለች፤ ምን እናድርግ? (ሐዋሳ)

ጠያቂ፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሴት ልጃችን 7 ወሯ ነው። የ120 ቀን የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ እናቴ ከዲላ መጥታ ስትይዝልኝ ቆየች። አሁን የቡና ለቀማ ስለደረሰ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የምናምናት ሞግዚት ስላጣን አቶቴ አካባቢ ባለ የሕፃናት ማቆያ አስገባናት፤ ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው።

እናቴ አዝላ፣ እሹሩሩ እያለች ነበር የምታስተኛት። እዚያ ፍራሽ ላይ ሲያስተኟት በጩኸት ትነሳለች። ጡጦ ትተፋለች፤ ያለብኩት የጡቴ ወተት እንዳለ ይመለሳል። ሌሊት ደግሞ ጡቴን አትለቅም፣ አራት አምስት ጊዜ ትነሳለች። ጠዋት በባጃጅ የሚያደርሳት ባለቤቴ ነው፤ ትናንት ለቅሶዋ አላስችል ብሎት ከበር መልሷት መጣ። እኔም ሥራ ቦታ ሆኜ አለቅሳለሁ። ትለምድ ይሆን ወይስ ሥራዬን ልተው?

የሁለት ልጆች እናት፣ አዳማ

እህቴ፣ በአምስት ቀን ለቅሶ ሥራሽን አትልቀቂ። የእኔ ታላቅ ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። እኔ የተሳሳትኩት ሳያየኝ ሹልክ ብዬ መውጣቴ ላይ ነው። የሚቀለው መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቤት ውስጥ እንኳ ወደ ጓዳ ስገባ እየተከተለ ቀሚሴን አልለቅም አለ፤ መቼ እንደምጠፋበት አያውቅማ! ለሁለተኛዋ ግን በየቀኑ አንድ ዓይነት አደረግኩ። ሳምኳት፣ «እማዬ ሥራ ውላ ትመጣለች» አልኳት፣ ለሞግዚቷ ሰጥቼ ወጣሁ። ታለቅስ ነበር፣ ግን ለቅሶው አጠረ። በር ላይ ቆሞ ማባበል ለሁሉም ይከብዳል።

ደግሞ የለበስሽውን ነጠላ ሳታጥቢ ላኪላት፤ ሽታሽን ታውቀዋለች።

ማቆያ ውስጥ የምሠራ ሞግዚት፣ ሐዋሳ

የማዘሉን ነገር እኔ ልመልስ፣ በየሳምንቱ የሚገጥመን ነው። አንዷ ሞግዚት ሦስት አራት ሕፃን ይዛ አንዱን ብቻ አዝላ መዋል አትችልም። ልጅቷ ደግሞ ጀርባ ላይ እንጂ ሌላ እንቅልፍ አታውቅም፤ ጥፋቷ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ቤት ጀምሩላት። በሌሊቱ ሳይሆን በጠዋቱ እንቅልፍ ጀምሩ፣ ያኔ ሁላችሁም ጉልበት አላችሁ። አዝለሽ አረጋጊያት፤ ዓይኗ ከበድ ሲል፣ ጭልጥ ሳትል አውርደሽ በጀርባዋ አስተኚያት። እጅሽን ደረቷ ላይ አድርጊና ያንኑ እሹሩሩ በይላት። ብትነሳ አንሺያት፣ እንደገና ሞክሪ። የእናትሽን ዜማ ለሞግዚቷም አስተምሪያት፤ እኛ እኮ ካልተነገረን አናውቅም።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ሙሉ ቀን ነው የዋለችው? ከሆነ ቢቻል ወደ ኋላ መለስ በሉ። አንድ ቀን ከእናንተ አንዳችሁ አብራችኋት ተቀመጡ፣ በማግስቱ ለአንድ ሰዓት ብቻ ትታችኋት ውጡ፣ ከዚያ እስከ ምሳ ይሁን። ስትደውሉም «ደህና ናት?» ብቻ አትበሉ፤ «ስንት ደቂቃ አለቀሰች? ምን ሲደረግላት ዝም አለች?» ብላችሁ ጠይቁ።

ነርስ ነኝ፣ ሐዋሳ

ጡጦ ግዴታ አይደለም። በ7 ወሯ በትንሽ ንጹሕ ስኒ መጠጣት ትችላለች። ቀና አድርጎ ይዞ ወተቱን ከታችኛው ከንፈሯ ማስነካት ነው፤ ራሷ ትስበዋለች፣ አፏ ውስጥ አይገልበጥባት። መጀመሪያ አባቷ ይሞክር፤ አንቺ ካለሽ ጡት ነው የምትፈልገው። ዕድሜዋ ምግብም ስለሚፈቅድ ቀን ላይ ወፈር ያለ ገንፎ በእንቁላል ወይም በተፈጨ አትክልት ይሰጣት።

ሌሊት ደጋግማ መጥባቷ የቀኑን እያካካሰች ነው፤ ሞልቃ አይደለም። ጠዋት ከመውጣቷ በፊትና ማታ እንደተገናኛችሁ ወዲያው አጥቢያት፣ ሌሊቱ ቀስ በቀስ ይቀላል።

የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ ባለ ሙቀት 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። ሐዋሳ ቀትር ላይ ከዚያ ሊሞቅ ስለሚችል ከበረዶ ጋር በማቀዝቀዣ ቦርሳ ላኪው። ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማሞቅ እንጂ እሳት ላይ አይጣድ። ጠጥታ የተረፋት ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ይደፋ።

ስለ ነጠላው አንድ ማስተካከያ፦ ሞግዚቷ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ትቀፋት እንጂ በምትተኛበት አጠገቧ አይቀመጥ፤ ፊቷን ሊሸፍን ይችላል። መጀመሪያ ሰሞን ጉንፋን ይበዛል። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ካላት ቤት ትዋል። የ9 ወር የኩፍኝ ክትባቷም እንዳያልፋት።

አባት፣ አዳማ

ይህቺ ለባለቤትሽ ናት። ወንድሜ፣ እኔም ሁለት ጊዜ ልጄን ይዤ ተመልሻለሁ። አንድ ቀን ሰጥቼ ወጣሁና ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሰዓቴን እያየሁ አዳመጥኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጸጥ አለ። ልቤ የተመለሰው ያን ቀን ነው። ከቤት አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድመህ ውጣ፤ ከሞግዚቷ ጋር ቁጭ ብለህ ሳቅ እያልክ አውራ፣ ልጅቷ ፊትህን ታያለች። የምትወስዳትንም ሰዓት አታሳልፍ።

ጠያቂ (ከ12 ቀን በኋላ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የዓመት ፈቃድ አምስት ቀን ወስጄ እንደ አዲስ ቀስ ብለን ጀመርን። ጡጦውን ተውነው፤ በስኒ ከአባቷ እጅ ግማሽ ያህሉን ጠጣች፣ አሁን ከሞግዚቷም ትቀበላለች። እናቴ እሹሩሩዋን በስልክ ቀድታ ላከችልን፤ ሞግዚቷ ሰምታ አጠናችው። ፍራሹ ላይ አርባ ደቂቃ ተኝታ ታውቃለች፣ ሌላ ቀን ደግሞ ጭራሽ እምቢ ትላለች። ሌሊት ወደ ሦስት ጊዜ ወርዷል። በር ላይ አሁንም ታለቅሳለች፤ ባለቤቴ ግን አልመለሳትም። ሐሙስ ዕለት ልወስዳት ስሄድ ሞግዚቷ እቅፍ ውስጥ ሆና ነጠላዬን እያኘከች አገኘኋት።