ውሎች ሳናውቅ እየታደሱብን ነው፤ የግዢ ሥራን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በፍጥነት እያደገ ባለ የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ነው። ግዢን የሚከታተል ሰው ስላልነበረ ሥራው በቅርቡ ለእኔ ተሰጠኝ። እስካሁን እያንዳንዱ ቡድን የፈለገውን በኩባንያው ካርድ ራሱ ነበር የሚገዛው። ሁለት ቡድኖች ለአንድ ዓይነት ሥራ ሁለት የተለያየ ሶፍትዌር ይከፍላሉ። ለለቀቁ ሠራተኞች አካውንት ሳይቀር እየከፈልን ነው። አለቃዬ ጠበቅ ያለ የግዢ መመሪያ ጻፊ ይለኛል። መሐንዲሶቹ ደግሞ ከወዲሁ "ሥራችንን ልታጓትቺው ነው" ይሉኛል። በዚህ መሀል አንድ ትልቅ አቅራቢያችን ውሉ ሊታደስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዋጋ እጨምራለሁ ብሎ ጻፈልን። የቱን ላስቀድም?

መልስ፦ የግዢ ኃላፊ

እህቴ፣ መመሪያው ትንሽ ይቆይ። መጀመሪያ በእጃችሁ ያለውን እወቂ። ከፋይናንስ ያለፉትን 12 ወራት የካርድና የባንክ ክፍያ ዝርዝር ውሰጂ። ከዚያ ካነሰ በዓመት አንዴ የሚከፈሉት ያመልጡሻል። ከዝርዝሩ አንድ ሰንጠረዥ ሥሪ፤ አቅራቢው፣ የምንጠቀምበት ምክንያት፣ የዓመቱ ክፍያ፣ የሚጠየቅበት ሰው። ሰው ነው ያልኩት፤ "የማርኬቲንግ ቡድን" ብለሽ እንዳትጽፊ። የእኔ ነው የሚል ሰው የጠፋለት ሶፍትዌር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀምበትም የለም።

አንድ አምድ ግን በምንም ምክንያት አይቅርብሽ፤ "አናድስም" ብሎ ለማሳወቅ የመጨረሻው ቀን። ብዙ ውሎች ከማለቃቸው 30፣ 60 ወይም 90 ቀን በፊት በጽሑፍ ካላሳወቃችሁ በራሳቸው ይታደሳሉ። ካላንደርሽ ላይ የሚገባው ይሄ ቀን ነው። ለትልልቅ ውሎች እኔ ከስድስት ወር በፊት ነው ወሬ የምጀምረው። አማራጭ የማየት ጊዜ የሌለው ሰው መደራደር አይችልም።

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ

በሰንጠረዡ እስማማለሁ። መመሪያው ግን ብዙ አይቆይ። ቢያንስ ለትልልቅ ግዢዎች ሦስት ነገር ይመሳከር፤ የግዢ ትእዛዙ፣ ዕቃው ወይም አገልግሎቱ መድረሱን የሚያረጋግጠው ሰነድ፣ ኢንቮይሱ። ካልተስማሙ ክፍያ ይቆማል። ግዢውን የጠየቀው ሰው ራሱ አጽድቆ ራሱ እንዳይከፍልም አድርጊ።

ሌላው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ጉዳይ የባንክ ሒሳብ ለውጥ ነው። አቅራቢው "ሒሳባችንን ቀይረናል" የሚል ኢሜይል ከላከ ዝም ብላችሁ እንዳትከፍሉ። ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክም አትደውሉ። ቀድሞ በምታውቁት ቁጥር ደውላችሁ አረጋግጡ። አጭበርባሪዎች የአቅራቢውን ኢሜይል ሰብረው በዚህ መንገድ ነው ገንዘብ የሚወስዱት። ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ማስመለስ በጣም ከባድ ነው።

ከአቅራቢ ጋር ለመስማማት ደግሞ በሰዓቱ መክፈል ትልቅ ነገር ነው። አንዳንዱ የ30 ቀን ኢንቮይስ በ10 ቀን ከተከፈለ 2 በመቶ ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል። ግን 20 ቀን ቀድሞ በመክፈል የሚገኝ ነው፤ ወደ ዓመት ሲሰላ 37 በመቶ ገደማ ይሆናል። በቂ ጥሬ ገንዘብ ካላችሁ ተጠቀሙበት።

መልስ፦ መሐንዲስ

የመሐንዲሶቹን ወገን ልናገር። ለትንሽ ነገር ሦስት ፊርማ ከተጠየቅን በግል ካርዳችን ከፍለን ወጪያችንን መልሱልን እንላለን። ያኔ ጭራሽ አታዪውም። የገንዘብ ጣሪያ አውጪ፤ ከዚያ በታች ያለውን የቡድን መሪው ብቻ ያጽድቅ። ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ መልስ የምትሰጪበትን ቀን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪን። "በሦስት ቀን ታውቃላችሁ" ካልሽና ካከበርሽው ማንም አያልፍሽም። የሚያናድደን "አይሆንም" መባሉ ሳይሆን ጥያቄያችን የት እንደደረሰ አለማወቃችን ነው።

መልስ፦ የመረጃ ደህንነት ባለሙያ

ጣሪያው ጥሩ ነው፤ ግን ገንዘብ ብቻውን መለኪያ አይሁን። የደንበኛ መረጃ የሚገባበት መሣሪያ በነጻ ቢሆንም በእኛ በኩል ይለፍ። የአውሮፓ ኅብረት ነዋሪዎችን መረጃ የምትይዙ ከሆነ ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ጂዲፒአር (የኅብረቱ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ) መረጃውን ከሚያቀናብርላችሁ አቅራቢ ጋር የጽሑፍ ውል ያስገድዳል። አቅራቢዎች የሶክ 2 ሪፖርት (የደህንነት ቁጥጥራቸውን ገለልተኛ ኦዲተር የመረመረበት ሰነድ) ሲሰጡሽም ዓይነቱን ተመልከቺ። ዓይነት 1 የአንድን ቀን ሁኔታ ያሳያል። ዓይነት 2 ግን ቁጥጥሩ ለወራት በትክክል መሥራቱን ይፈትሻል።

ለእያንዳንዱ አቅራቢ "ዛሬ ቢቆም እኛ ጋ ምን ይቆማል?" ብለሽ ጠይቂ። ጁላይ 19 ቀን 2024 የደህንነት ሶፍትዌር አቅራቢው የክራውድስትራይክ አንድ የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጥሏል። አየር መንገዶችና ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ተስተጓጉለዋል። "99.9 በመቶ እንሠራለን" የሚል ውልም በወር 43 ደቂቃ ያህል መቋረጥ ይፈቅዳል። መቋረጡ ከዚያ ሲያልፍ የሚሰጠው ካሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ካልጠየቃችሁ አይመጣም።

ጠያቂዋ

በጣም አመሰግናለሁ፤ ሰንጠረዡን ጀምሬዋለሁ። ግን የሦስት ሳምንቱን ውል ምን ላድርገው? አናድስም የምንልበት ቀን አልፏል። በአንዴ ልንተወውም አንችልም።

መልስ፦ የግዢ ኃላፊ

ዛሬውኑ ውሉን አውጥተሽ አንብቢ። በእድሳት ጊዜ የሚጨምሩት ዋጋ ጣሪያ አለው ወይ? ጭማሪውን አስቀድመው በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታስ አለባቸው? ካለባቸውና ካላሳወቁ ይሄ ጠንካራ መከራከሪያሽ ነው። ከዚያ ስንት ሰው በእርግጥ እንደሚገባበት ከሲስተሙ አውጪ። የ100 ሰው ላይሰንስ እየከፈላችሁ 60ው ብቻ ከሆነ የሚገባው፣ ወሬሽን ከዋጋው ሳይሆን ከብዛቱ ጀምሪ።

እንተዋለን ብለሽ አታስፈራሪ። እንደማትችሉ ያውቃሉ። ይልቅ በድሮው ዋጋ የሦስት ወር ማራዘሚያ ጠይቂ። እምቢ ካሉ በምትኩ የምትሰጫቸውን አቅርቢ፤ የሁለት ዓመት ውል ወይም የዓመቱን ቀድሞ መክፈል። በለውጡ ሦስት ነገር ጻፉልን በያቸው፦ የጭማሪ ጣሪያ፣ በራሱ የመታደስ አንቀጽ መሰረዝ፣ ስንለያይ መረጃችንን በሚነበብ ፋይል የማውጣት መብት።

የሽያጭ ሠራተኛቸውን ደግሞ እንደ ጠላት አትዪው። እሱም ቅናሽ ለማስፈቀድ አለቃው ጋ ይዞት የሚገባ ምክንያት ይፈልጋል። የአጠቃቀም ቁጥሩንና የበጀታችሁን ልክ በግልጽ ጻፊለት። ኢሜይሉን ነገ ጠዋት ላኪው፤ ማስፈቀዱ ራሱ ከሳምንት በላይ ይወስድበታል።