«አስኳል»፣ «ኃይል ማመንጫ» እና «ራስን አጥፊ ከረጢት»፦ የእንስሳ ሕዋስ ክፍሎች በአማርኛ እንዴት ይጠሩ?

ጥያቄ፦

የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ ስለ እንስሳ ሕዋስ ለተማሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ እያረምሁ ነው። ጸሐፊው ኒውክለስን «አስኳል»፣ ማይቶኮንድሪያን «የሕዋስ ኃይል ማመንጫ»፣ ላይሶዞምን ደግሞ «ራስን አጥፊ ከረጢት» ይላቸዋል። በሕዋስ ውስጥ የየራሳቸው ሥራ ያላቸው ክፍሎች የሚጠሩበትን ኦርጋኔል የሚለውን የወል ስም አንድ ቦታ «ብልት»፣ ሌላ ቦታ «ክፍለ ሕዋስ» እያለ ተርጉሞታል። የትኛው ይጽና፣ የትኛው ይታረም?

መልስ፦

ከወል ስሙ ልጀምር። «ክፍለ ሕዋስ» ይጽና እላለሁ፤ «ክፍለ ጦር» እና «ክፍለ ከተማ» ብለን ስለለመድን ቃሉ የራሱ ሥራ ያለውን የአንድ ሙሉ ነገር ክፍል እንደሚያመለክት አንባቢው ሳይነገረው ይገባዋል። «ብልት» ግን ይቅር፤ የዶሮን 12 ብልት ቆጥሮ ያደገ አንባቢ ሐሳቡ ወደ ድስቱ ይሄድበታል፣ ቃሉ ያለው ሌላ ትርጉምም ለመማሪያ ክፍል አይመችም። «ሕዋስ» ራሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል፤ «አምስቱ ሕዋሳት» ስንል ዓይንና ጆሮን የመሳሰሉትን ሙሉ አካላት ማለታችን ስለሆነ፣ ማብራሪያው ገና በመጀመሪያው ገጽ የሚናገረው በማይክሮስኮፕ ስለሚታየው ሕዋስ መሆኑን ቢገልጽ ጥሩ ነው።

«አስኳል» መልካም ቃል ነው። ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሮበርት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1831 የመረጠው የላቲን ስያሜ የፍሬን ውስጠኛ ክፍል የሚያመለክት በመሆኑ ከእኛ «የነገሩ አስኳል» ጋር ይገጥማል። የሚያሳስበኝ እንቁላሉ ነው። ያልዳበረ የዶሮ እንቁላል ሰብረው በሳህን ላይ ቢያፈሱት፣ አስኳል የምንለው ቢጫው ክፍል የአንድ ግዙፍ ሕዋስ የምግብ ክምችት ሲሆን፣ የዚያ ሕዋስ ኒውክለስ የሚገኘው ግን በቢጫው ገጽ ላይ ተለጥፋ በምትታየው፣ ስፋቷ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ነጭ ነጥብ ውስጥ ነው። እንግዲህ በዶሮ እንቁላል የሕዋሱ አስኳል ከእንቁላሉ አስኳል የተለየ ነገር ነው ማለት ነው፤ ይህን ሳይነግሩ በቃሉ መጠቀም ተማሪውን ማሳሳት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲጠቀስ «ኒውክለስ» ተብሎ ይጻፍ፣ ይህ ልዩነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይብራራ፣ ከዚያ በኋላ በ«አስኳል» መቀጠል ይቻላል። ሥራውም ዲኤንኤን በእጥፍ ሽፋን ውስጥ ጠብቆ መያዝና የሚያስፈልገውን መልእክት ብቻ አርኤንኤ በሚባል ቅጂ፣ በሽፋኑ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውጭ መላክ ነው።

«ኃይል ማመንጫ» የሚለው ግን አይመቸኝም፤ ኃይል ከምንም የሚፈጠር ያስመስላልና። እኔ ብሆን «ይመነዝራል» የሚለውን ግስ እመርጣለሁ። ከምግብ የሚገኘው ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ድፍን ብር ነው፤ ሕዋስ ለዕለት ሥራው የሚከፍለው ግን በዝርዝር፣ ማለትም ኤቲፒ በሚባለው ሞለኪውል ነው። ምንዛሪው የሚጀመረው ከማይቶኮንድሪያ ውጭ፣ ሳይቶፕላዝም በሚባለው የሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ ከአንድ ግሉኮስ የሚተርፈው 2 ኤቲፒ ብቻ ነው። ቀሪው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ሲጠናቀቅ ድምሩ 30 ገደማ ይደርሳል። ማይቶኮንድሪያ ሁለት ሽፋን አለው፤ የውስጠኛው ሽፋን እጥፍጥፍ ያለ በመሆኑ በጠባብ ቦታ ሰፊ ገጽ ያስገኛል። ከምግብ በሚገኘው ኃይል ፕሮቶን የሚባሉ ጥቃቅን የሃይድሮጅን ቅንጣቶች ከዚህ ሽፋን ወዲያ ማዶ ይገፋሉ፤ ተመልሰው ሲገቡ በመንገዳቸው ላይ ያለውን ኢንዛይም (ኬሚካዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ያሽከረክሩታል፣ ኤቲፒን የሚሠራውም ይህ ሽክርክሪት ነው። የበሰለው የሰው ቀይ የደም ሕዋስ አስኳልም ማይቶኮንድሪያም የለውም፤ ቢሆንም 120 ቀን ያህል በዚያችው በ2 ኤቲፒ ምንዛሪ ይኖራል። «ኃይል የሚገኘው ከማይቶኮንድሪያ ብቻ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በማብራሪያው ውስጥ ካለ ይሰረዝ።

ስሙን መተርጎምም አያስፈልግም። ጀርመናዊው ካርል ቤንዳ እ.ኤ.አ. በ1898 ክርና ቅንጣት ከሚሉ የግሪክ ቃላት ያዋቀረው ስም የሚናገረው ያን ጊዜ በማይክሮስኮፕ የታየውን መልክ ብቻ ነው፤ «ክረ ቅንጣት» ብንለው ለአንባቢ የሚጨምርለት ነገር የለም። ጎልጂ የሚባለው ክፍለ ሕዋስም ስሙ የጣሊያናዊው የካሚሎ ጎልጂ ስለሆነ እንዳለ ይቀመጥ፤ ራይቦዞም የሚባለው የሕዋስ ክፍል የሠራውን ፕሮቲን ተቀብሎ፣ አስተካክሎና ለይቶ ወደየሚገባው ቦታ እንደሚልክ መናገር ይበቃል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦

አመሰግናለሁ። «ራስን አጥፊ ከረጢት» የሚለውን ግን ዘለሉት። ላይሶዞም የሚያደቅቅ ኢንዛይም የያዘ ከሆነ ስያሜው ስሕተቱ ምን ላይ ነው?

መልስ፦

ስያሜው ከረጢቱ ከተቀደደ ኢንዛይሞቹ ሕዋሱን ይፈጁታል ከሚል አስተሳሰብ የመጣ ነው፤ ፍጹም ሐሰት አይደለም፣ ነገር ግን አልፎ አልፎ የሚደርስን አደጋ የዕለት ሥራ ያስመስለዋል። የላይሶዞም ውስጥ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነቱ የሚበረታበት መለኪያ) ከ4.5 እስከ 5 ሲሆን፣ በዙሪያው ያለው የሳይቶፕላዝም ፈሳሽ ግን 7.2 ገደማ ነው። ኢንዛይሞቹ በደንብ የሚሠሩት በአሲድ ውስጥ ስለሆነ፣ ጥቂቱ ቢያፈስ እንኳ ጉልበታቸው ይዳከማል። ቤልጂየማዊው ክሪስቲያን ደ ዱቭ እ.ኤ.አ. በ1955 ስም ያወጡለት ይህ ክፍል የዘወትር ሥራው ከውጭ የገባውንና በሕዋሱ ውስጥ ያረጀውን፣ ማይቶኮንድሪያን ጨምሮ፣ አድቅቆ ፍርፋሪውን ለዳግም ጥቅም መመለስ ነው። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ሕዋስ የራሱን ክፍሎች እንዴት አድቅቆ መልሶ እንደሚጠቀምባቸው በእርሾ ላይ አጥንተው የ2016ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው እንዲያውም ላይሶዞም ሥራውን ሲያቆም ነው። ቴይ ሳክስ በሚባለው የዘር በሽታ አንድ ዓይነት ቅባት የሚያደቅቅ ኢንዛይም ይጎድላል፤ ቅባቱም በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ እየተከማቸ ሕፃኑን ቀስ በቀስ እንቅስቃሴና ማየት ይነሳዋል። ስለዚህ «አድቃቂ ከረጢት» ተብሎ ይታረም፤ «ራስን አጥፊ» የሚለው ከተፈለገም በግርጌ ማስታወሻ፣ የቀድሞ ስያሜ መሆኑ ተገልጾ ይቀመጥ።