ሊምቦን ጨረስኩ፣ ቀጥሎ ምን ልጫወት? ላፕቶፔ ደግሞ ያረጀ ነው

ጠያቂ፦ የጦሳ ጭጋግ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ አዲስ ሲገዛ አሮጌ ላፕቶፑን ለእኔ ሰጠኝ። ራሙ 4 ጊጋ ነው፣ ለብቻው የቆመ ግራፊክስ ካርድ የለውም። የኳስ ጌም ጫንኩበት፣ ተጫዋቾቹ ሲንፏቀቁ አይቼ ተውኩት። ከዛ አንድ ጓደኛዬ ሊምቦን በፍላሽ አመጣልኝ።

መጀመሪያ ያሾፈብኝ ነበር የመሰለኝ። ጥቁርና ነጭ ነው። ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል። የሚናገር ሰው የለም፣ እንዲህ አድርግ የሚል ጽሑፍ የለም፣ አንድ ትንሽ ልጅ ጫካ ውስጥ ይነቃል፣ ዓይኑ ብቻ ያበራል፣ በቃ ሂድ ነው። ከዛ ያ ግዙፍ ሸረሪት መጣ። የብረት ወጥመዱ ከዛፉ ላይ እስኪወድቅና ገፍቼ እግሩ ስር እስካደርሰው ድረስ የማደርገው ጠፍቶኝ ነበር። ብዙ ትሞታለህ፣ ግን ከሞትክበት ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚመልስህ፣ ስለዚህ አያናድድም። ጨረስኩት። መጨረሻው አልገባኝም፣ ግን ደስ ብሎኛል፣ እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

አሁን እንደሱ ያለ ጌም እፈልጋለሁ። መተኳኮስ አይደለም፣ ቦታው ራሱ ውስጡ የሚያስገባህ፣ እያሰብክ የምትሄድበት ዓይነት። እንግሊዝኛዬ እስከዚህም ነው፣ ስለዚህ ወሬ የበዛበት አይሆንልኝም። ኢንተርኔት ሁልጊዜ የሚጠይቅም አይሆንም፣ ዳታውን ታውቁታላችሁ። አራተኛ ክፍል ያለች እህት አለችኝ፣ ካልተጫወትኩ ትላለች፣ ሊምቦን ስታይ ግን ሸሽታ ወጣች። ለሷም የሚሆን ካለ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ያው ጓደኛዬ ማሺናሪየም የሚባል ጌምም ጭኖልኛል። ሮቦቱን ገጣጥሜ ከቆሻሻ መጣያው ወጣሁ፣ ከዛ ድልድዩ ጋ ቀረሁ። ጠባቂው ድልድዩን አያወርድልኝም። ምን ፈልጎ ነው?

ኮምቦልቻ ሳውንድ

ሰላም የደሴው። እኔ ለሠርግ ሳውንድ ሲስተም አከራያለሁ፣ ስለዚህ ከጆሮዬ ልጀምር። ሊምቦን በላፕቶፑ ስፒከር ከሆነ የሰማኸው ግማሹን ነው የተጫወትከው። ሙዚቃ የለውም ያልከው እኮ እዛው ነው ያለው፣ ነፋሱ፣ የሚጢዘው መብራት፣ ከሩቅ የሚሰማው የማሽን ጉርምርምታ፣ ሁሉም ተቀናብሮ ነው። የሠራው ማርቲን ስቲግ አንደርሰን የሚባል ዴንማርካዊ ነው። ኢርፎን አድርግና መብራት አጥፍተህ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ድገማቸው፣ ሌላ ጌም ነው የሚሆንብህ።

ቀጥሎ ያለምንም ጥያቄ ኢንሳይድ ነው። ሊምቦን የሠራው ፕሌይዴድ የሚባል የኮፐንሃገን ቡድን ነው፣ ሊምቦ በ2010 እንደነሱ አቆጣጠር፣ ኢንሳይድ በ2016። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጌም ላይ ቁጭ አሉ ማለት ነው፣ ያስታውቃልም። ቀይ ልብስ የለበሰ ልጅ ነው፣ ውሾች ያሳድዱታል፣ ሰዎች እንደ ከብት ይነዳሉ። አሁንም አንዲት ቃል የለም። ያው ሰውዬ ድምጹን ሲሠራ በእውነተኛ የሰው ራስ ቅል ውስጥ አሳልፎ ነው የቀዳው፣ አጥንት ውስጥ የተሰማ ዓይነት እንዲሆን። ወላሂ ስሰማው ለሙያዬ ቀናሁ።

ችግሩ ማሽንህ ነው። ሊምቦ 150 ሜጋ ቦታና ግማሽ ጊጋ ራም ይበቃው ነበር። ኢንሳይድ ግን 3 ጊጋ ቦታ ይፈልጋል፣ ራምም ያንተን 4 ሙሉ በሙሉ ይጠይቃል፣ ግራፊክስ ካርድም ይወዳል። ሪዞሉሽኑን ዝቅ አድርገህ ሞክረው፣ ካልሄደ ለወደፊት አስቀምጠው። መጨረሻውን ግን ማንም እንዳይነግርህ፣ ዩቲዩብ ላይም እንዳታይ።

እህተ ወልድያ

ስለ ድልድዩ ልመልስልህ ወንድሜ። መጀመሪያ ፍንጭ ብቻ፦ ጠባቂው ለማን ነው ድልድዩን የሚያወርደው? የሱን መልክ ያለው ሆነህ ና።

ካልሆነልህ ቀጥል አንብብ፣ ካልፈለግክ ወደሚቀጥለው እለፍ። የፖሊስ ባርኔጣ ነው የምትሠራው። የመንገድ ኮን ፈልግ፣ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ንከረው፣ ጫፉ ላይ አምፖል አድርግበት። እያንዳንዱን ከየት እንደምታገኘው አልነግርህም፣ ሁሉም እዛው አካባቢ ነው። ብዙ ሰው የሚቸገረው ጆሴፍ፣ ማለት ሮቦቱ፣ አጠገቡ ያለውን ነገር ብቻ እንደሚነካ ስለሚረሳ ነው። መሀሉን ይዘህ ወደ ላይ ስትስበው ይረዝማል፣ ወደ ታች ያጥራል። ከፍ ያለውን በረጅሙ ሞክር፣ ዝቅ ያለውን ባጭሩ።

ደግሞ ከላይ በቀኝ በኩል አምፖልና መጽሐፍ አለልህ። አምፖሉ ላንድ ቦታ አንድ ፍንጭ ይሰጣል። መጽሐፉ ሙሉ መልሱን በስዕል ያሳያል፣ ግን እንዲከፈት ሸረሪቶቹን እየመታህ ቁልፏን የምታሳልፍባት ሌላ ትንሽ ጌም መጫወት አለብህ። ይሄን ያደረጉት ሆን ብለው ነው፣ ሰው ቶሎ ቶሎ መልስ እንዳያይ ያሰለቹታል። ብልህ ናቸው።

እኔ ማሺናሪየምን የምወደው እናቴ ከኋላዬ ቡና እየቆላች ስለተከታተለችው ነው። ፊደል ያልቆጠረች ናት። ሮቦቶቹ የሚያስቡትን ከራሳቸው በላይ በስዕል ስለሚያሳዩ ታሪኩ ከኔ እኩል ገባት። ሶስቱ የመንገድ ሙዚቀኞች ጋ ስደርስ «የዛኛውን መሣሪያ አስተካክይለት እንጂ፣ ተጎድቷል» ብላ የነገረችኝ እሷ ናት።

የላስታ ልጅ (ላሊበላ)

ኮምቦልቻ ሳውንድ፣ ሊምቦ ላይ እስማማለሁ እስከ ግማሹ ድረስ። ጫካው ውስጥ እያለ ልክ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚወስደው ጨለማ ዋሻ ግድግዳውን እየዳሰስክ እንደምትሄደው ነው፣ ፊት ለፊትህ ምን እንዳለ አታውቅም ግን እግርህ አይቆምም። ሸረሪቷ ካለፈች በኋላ ግን ፋብሪካ ይሆናል፣ ጥርስ ያለው ማሽን፣ ኤሌክትሪክ፣ የምድር ስበት መገልበጥ። እንቆቅልሹ ይከብዳል፣ ፍርሃቱ ግን ያልቃል። ለኔ ከባድ መሆኑና ጥሩ መሆኑ የተለያየ ነገር ነው።

ለጠያቂው፦ ኮምፒውተሩን ትተህ ስልክህንም አስብበት። ስልክ ላይ ኪዩብ ኢስኬፕ የሚባሉ አሉ፣ ራስቲ ሌክ የሚባል የአምስተርዳም ቡድን ነው የሠራቸው፣ ብዙዎቹ ነጻ ናቸው። አንድ ክፍል ውስጥ ትዘጋለህ፣ መሳቢያ ትከፍታለህ፣ ሰዓት ታዞራለህ፣ ቀስ እያለ ነገሩ እንግዳ ይሆናል። ደም አለበት፣ እህትህን አርቅ። ትንሽ እንግሊዝኛ አለው ግን ቃል በቃል ባይገባህም ትሄዳለህ። ሌላው ዘ ሩም ነው፣ በገንዘብ ነው፣ አንድ ሳጥን ፊትህ ይቀመጣል፣ ውስጡ ሌላ ሳጥን፣ የቁልፉ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቁልፍ። ጣትህ እንጨቱንና ናሱን የነካ ነው የሚመስልህ። ደብዳቤዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ዝለላቸው፣ የሚጎድልብህ ታሪኩ እንጂ መፍትሔው አይደለም።

ኮምቦልቻ ሳውንድ

ላስታ፣ የማሽኑ ክፍል ድምጹ ነው ዋጋው! ኢርፎን አድርገህ ነበር?

የላስታ ልጅ

አድርጌ ነበር። አልተለወጠም።

መምህር ዘሐይቅ

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ሐይቅ ከተማ አስተምራለሁ፣ ጌም የጀመርኩት በልጆቼ ምክንያት ነው፣ አሁን እነሱ ተዉት እኔ ቀረሁበት።

ለትንሿ እህትህ ሳሞሮስትን አውርድላት። ማሺናሪየምን የሠሩት የቼክ ሰዎች፣ አማኒታ ዲዛይን፣ የመጀመሪያ ሥራቸው ነው። ያኩብ ድቮርስኪ ተማሪ እያለ በ2003 የሠራው ሲሆን በ2021 አድሰው በነጻ ለቀውታል። አጭር ነው። ነጭ ቆብ ያደረገ ትንሽ ሰውዬ ጠፈር ላይ በሚንሳፈፍ ግንድ ላይ ይኖራል፣ አንተ የምታደርገው ያገኘኸውን መጫን ብቻ ነው። ልጅ ዝም ብሎ ይጫናል፣ የሚሆነውን አይቶ ይስቃል፣ አዋቂ ደግሞ አስቦ ይጫንና ይሳሳታል።

ከዛ ሞኑመንት ቫሊ። ለንደን ያሉ ሰዎች በ2014 ያወጡት ነው። አይዳ የምትባል ልጅ አለች፣ ሕንጻውን ስታዞረው ተለያይተው የነበሩ ሁለት መንገዶች ካንድ ወገን ስታያቸው ይገጥማሉ፣ እሷም ትሄድበታለች። ልጄ ይሄን ካየች በኋላ ጂኦሜትሪ ደብተሯ ላይ የማይሆን ሕንጻ መሳል ጀምራ አስቸግራኝ ነበር።

ለራስህ ደግሞ ኦልድ ማንስ ጀርኒን ተመልከት፣ በስልክም በኮምፒውተርም አለ። አንድ ሽማግሌ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ሻንጣውን አንግቶ ይነሳል። ተራሮቹን በጣትህ ከፍ ዝቅ እያደረግክ ሲነካኩ ካንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። የሐረጎን ዳገት እንዲህ ማድረግ ቢቻል ኖሮ ደሴ ኮምቦልቻ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነበር። ባረፈበት ሁሉ ያለፈ ሕይወቱ በስዕል ይመጣል። እንቆቅልሹ ቀላል ነው፣ የሚከብደው ሌላው ነው። ይሄን ጌም ወጣት ባይወደው አልፈርድበትም።

ግሪስ የሚባለውን ጌም ደግሞ ሳልረሳ ልጨምር፦ የባርሴሎና ነው፣ በ2018 የወጣ፣ መሞት የሚባል የለበትም። ግራጫ ሆኖ ይጀምርና መጀመሪያ ቀይ ይመለሳል፣ ከዛ ሌሎቹ ቀለማት አንድ በአንድ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ያለ ቃል የሚረዳው ነገር ነው። ባንተ ላፕቶፕ ግን ይንቀረፈፋል፣ እሱን ደግሞ እየተቆራረጠ ከማየት አለማየት ይሻላል።

የሐርቡ ልጅ (ጅዳ)

አሰላሙ አለይኩም ያገሬ ልጆች። አብሽር የደሴው፣ ሁሉም ይነግርሃል እንጂ እንዴት እንደምትገዛው ማንም አልነገረህም፣ የውጭ ካርድ ሳይኖርህ ስሙን ማወቅ ምን ያደርግልሃል።

እኔ ለወንድሜ የማደርገውን ልንገርህ። ውጭ ዘመድ ካለህ ጎግ የሚባለውን መሸጫ ጠይቀው። ከዛ የሚገዛ ጌም መቆለፊያ የለውም። አንድ ጊዜ የመጫኛውን ፋይል ታወርደዋለህ፣ ፍላሽ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ከዛ በኋላ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ አይጠይቅህም። እኔ በስጦታ ገዝቼ ኮዱን እልክለታለሁ፣ እሱ በራሱ ስም ከፍቶ ያስገባዋል። ሊምቦም፣ ማሺናሪየምም፣ ግሪስም እዛ አሉ። ቅናሽ ሲኖር መጠበቅ ነው፣ ዓመት በዓላቸው ሲደርስ በጣም ይወርዳል።

ስቲም የሚባለው መሸጫም ይሆናል ግን ጣጣ አለው። የሁለቱ አገር ዋጋ በጣም ሲለያይ ስጦታው አልሄድ ይላል፣ ያለ ኢንተርኔት ለመጫወትም መጀመሪያ ኔት እያለ ገብተህ ጌሙን አንዴ ከፍተህ ማዘጋጀት አለብህ። የስልኩ ደግሞ የባሰ ነው፣ የጉግል ፕሌይ ካርድ የተገዛበት አገርና ያንተ አካውንት አገር ካልገጠመ አይቀበልህም። ስንት ሰው ካርድ ገዝቶ ልኮ ከንቱ ቀርቶበታል። ሳትጠይቅ ማንንም አታስገዛ።

በፍላሽ የሚዞረውን ደግሞ ወንድሜ ሲጭን ቫይረስ አብሮ ገብቶ የዩኒቨርሲቲ ወረቀቱን በላበት። ካለህ ፋይል ጋ አብረህ አታስቀምጠው፣ ሲቻል ደግሞ ገንዘቡን ለሠሪዎቹ ስጥ፣ እነዚህ ትልቅ ካምፓኒ አይደሉም፣ ጥቂት ሰዎች ናቸው።

የጦሳ ጭጋግ (ጠያቂ)

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! እህተ ወልድያ፣ ፍንጩን ብቻ አንብቤ ልሞክር ብዬ ነበር፣ እህቴ ከጎኔ ሆና ኮኑ ቀለም ውስጥ ይግባ አለች፣ እኔ ኮኑን እንኳ ልብ አላልኩትም ነበር። አለፍን። ጋሼ መምህር፣ ሳሞሮስት ስልኬ ላይ ገባ፣ ስልኬን ከዛ በኋላ አላየሁትም። የሐርቧ እህቴ፣ አክስቴ ሪያድ ናት፣ ዛሬ እደውልላታለሁ። ኮምቦልቻ ሳውንድ፣ በኢርፎን ሰማሁት፣ ልክ ነህ፣ ግን ላስታም ልክ ነው፣ ፋብሪካው ውስጥ ከገባሁ በኋላ መጨረስ ነበር የፈለግኩት።

አሁን ግን እስር ቤቱንም አልፌ መጠጥ ቤቱ ጋ ደርሻለሁ። አንድ ሮቦት በተከታታይ አምስት ደርድር የሚል ጨዋታ ይጋብዘኛል፣ ሁልጊዜ ያሸንፈኛል። ይሄ እንቆቅልሽ ነው ወይስ ዕድል?

ኮምቦልቻ ሳውንድ

ዕድል አይደለም። ሶስት ደርድሮ ሁለቱም ጫፍ ክፍት ከሆነ ወዲያው አንዱን ዝጋበት፣ አራት እስኪሆን ከጠበቅክ በሁለቱም በኩል ሊጨርስ ስለሚችል አለቀልህ። አንተ ደግሞ በአንድ መስመር ብቻ አትሂድ። አንድ ጠጠር ስታስቀምጥ አግድም ሶስት፣ በሰያፍም ሶስት የሚሆንበትን ቦታ ፈልግ። አንዱን ሲዘጋ በሌላው ትጨርሳለህ። መሀል ሰሌዳው ላይ ጀምር፣ ጠርዝ ላይ መስመር አይበቃህም።

እህተ ወልድያ

ከመግጠምህ በፊት ከላይ ካለው ሜኑ ሴቭ አድርግ ደግሞ። ያ ላፕቶፕ ባትሪው የሞተ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ከየት እንደምትጀምር አላህ ይወቅ።