ላራቬል በቨርቹዋል ማሽን፦ ኤንፒኤም ይንቀራፈፋል፣ ሲኤስኤስ አይታደስም

ገበታ_24፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ 11 እና 8 ጂቢ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚፈጥር ፕሮግራም) ጭኜ ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04 (የሊኑክስ ዓይነት) አስገብቻለሁ። በላራቬል (የፒኤችፒ ዌብ ፍሬምወርክ) የምሠራው ሳይት በመጨረሻ የሚጫነው ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ከመነሻው ተመሳሳይ ቦታ ላይ ልሠራው ፈልጌ ነው። ለማሽኑ 4 ጂቢ ራምና 25 ጂቢ ዲስክ ሰጥቼዋለሁ። ኔትወርኩ «ናት» (ማሽኑ በዊንዶውሱ በኩል ኢንተርኔት የሚያገኝበት መቼት) ላይ ነው። ኮዱ ዊንዶውስ ላይ ተቀምጦ በሼርድ ፎልደር ወደ ኡቡንቱ ይገባል። ኤንጂንኤክስን (ዌብ ሰርቨሩን) በፖርት 8080 ፎርዋርድ አድርጌ እከፍተዋለሁ፤ የቫይት (ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት የሚያዘጋጀው መሣሪያ) ፖርት 5173 ግን ፎርዋርድ ቢደረግም አይከፈትም። ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆችን የሚጭነው) ወይ ይንቀራፈፋል ወይ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) መፍጠር አልቻልኩም ብሎ ይቆማል። ሲኤስኤስ ቀይሬ ሴቭ ሳደርግ ብሮውዘሩ ላይ የሚመጣው የድሮው ነው፤ አንዳንዴም የፋይሉ መጨረሻ ተቆርጦ ይመጣል። ራም ልጨምርለት ወይስ ችግሩ ሌላ ነው?

ሥር_ማውጫ፦

ራም አትጨምር፣ እንዲያውም ትቀንሳለህ። ከቫይት ፖርት በስተቀር የዘረዘርካቸው ሁሉ የሚመጡት ከሼርድ ፎልደሩ ነው።

ሼርድ ፎልደር ውስጥ አንድ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ጥያቄው ወደ ዊንዶውስ ተሻግሮ ይመለሳል። ፋይሉ አንድ ትልቅ ቢሆን አይታወቅህም ነበር፤ የፓኬጆቹ ፎልደሮች «ቬንደር» እና «ኖድ ሞጁልስ» ግን እጅግ ብዙ ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው። ሲምሊንክ መፍጠር ደግሞ ለደኅንነት ሲባል ከመጀመሪያው ተዘግቷል፤ ኤንፒኤም የሚቆመው «ቢን» ውስጥ የሚያስቀምጣቸውን ሊንኮች መፍጠር ስለማይችል ነው።

የተቆረጠው ሲኤስኤስ የታወቀ ችግር ነው። ኤንጂንኤክስ ፋይሉን በ«ሴንድፋይል» (ፋይሉን በቀጥታ በከርነሉ፣ ማለትም በኡቡንቱ እምብርት፣ በኩል የመላኪያ ዘዴ) ሲልክ ከርነሉ ካሽ ውስጥ የቆየውን ይዘት ይወስዳል፤ በዊንዶውስ በኩል የተደረገው ለውጥ አልደረሰውምና። ኮንፊጉ ላይ ሴንድፋይልን ኦፍ ብታደርገው ይሄኛው ይጠፋል፤ አፓቼም ተመሳሳይ መቼት አለው። ነገር ግን «አይኖቲፋይ»ም (ሊኑክስ የፋይል ለውጥን የሚያሳውቅበት) ከዊንዶውስ የመጣ ለውጥ አያይም፤ ስለዚህ ቫይት ላይ ፖሊንግ (ፋይሎቹን በየጊዜው እየዞሩ ማየት) ማብራት ይኖርብሃል፣ እሱም ሲፒዩ ይበላል። እንዲህ አንዱን እየደፈንክ ሌላውን ከምታባርር ኮዱን ራሱን ኡቡንቱ ውስጥ አስገባው።

በኤስኤስኤች (ከዊንዶውስ ወደ ኡቡንቱ ተርሚናል መግቢያ) ግባና ጊት ክሎን (ኮዱን ከጊት ማውረድ) እዚያው አድርግ። የዊንዶውሱን ፎልደር ገልብጠህ አታምጣው፤ ጊት የመስመር መጨረሻዎችን ወደ ዊንዶውስ ዓይነት ቀይሯቸው ከሆነ የሼል ስክሪፕቶች «ባድ ኢንተርፕሪተር» ብለው ይቆማሉ። ቪኤስ ኮድ ላይ «ሪሞት ኤስኤስኤች» የሚባለውን ኤክስቴንሽን ጫን፤ ኤዲተሩ ዊንዶውስ ላይ ሆኖ ፋይሉና ተርሚናሉ ኡቡንቱ ውስጥ ይሆናሉ።

ፕሮጀክቱን ሆም ፎልደርህ ውስጥ አታስቀምጠው። ኡቡንቱ ከ21.04 ወዲህ ሆም ፎልደርን የሚፈጥረው በ750 ፈቃድ (ከባለቤቱና ከግሩፑ ውጭ ማንም የማይገባበት) ነው፤ ኤንጂንኤክስ የሚሠራበት ተጠቃሚ አልፎ መግባት አይችልም። «ቫር» ሥር ያለው የዌብ ፎልደር ውስጥ አድርገው፤ ባለቤቱ አንተ፣ ግሩፑ የዌብ ሰርቨሩ ይሁን። ግሩፑ መጻፍ የሚያስፈልገው «ስቶሬጅ» ላይና «ቡትስትራፕ» ውስጥ ባለው «ካሽ» ላይ ብቻ ነው። 777 (ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ) አድርገው የሚል ምክር ካጋጠመህ እለፈው፤ የፈቃድ ስህተቱን እዚህ ይሸፍንልህና እውነተኛው ሰርቨር ላይ ያወጣብሃል።

ወደብ_443፦

ኔትወርኩን በተመለከተ። ማሽኑን አጥፋና «አዳፕተር 2» ላይ «ሆስት-ኦንሊ» (ዊንዶውስንና ማሽኑን ብቻ የሚያገናኝ መስመር) አብራ። የመጀመሪያውን አትንካው፤ ኢንተርኔት የሚመጣው በእሱ ነው። በአዲሱ መስመር ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ 192.168.56.1 ነው፤ ለኡቡንቱ 192.168.56.10/24 በቋሚነት ስጠው። «ኔትፕላን» (የኡቡንቱ ኔትወርክ መቼት) ፎልደር ውስጥ ስሙ በ60 የሚጀምር አዲስ ፋይል ፍጠር፣ ፈቃዱን 600 አድርግ፣ ለሁለተኛው ካርድ (አብዛኛውን ጊዜ «ኢኤንፒ0ኤስ8» ነው) አድራሻውን ብቻ ጻፍ። ጌትዌይ (ወደ ውጭ የመውጫ አድራሻ) አትጻፍበት! ከጻፍክ ኡቡንቱ ወደ ኢንተርኔት የሚሄደውን ሁሉ መውጫ በሌለው መስመር ሊልከው ይችላል፤ ያኔ ፓኬጅ የሚያወርዱት አፕትም ኮምፖዘርም ይቆማሉ። ፋይሉ ያምል ስለሆነ ታብ አይቀበልም፣ ስፔስ ብቻ ተጠቀም። ከዚያ «ኔትፕላን ትራይ» በል፤ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላጸደቅከው ራሱ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

«ብሪጅድ» (ማሽኑ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ኔትወርኩ ላይ የሚገባበት) አድርገው የሚሉህ ይኖራሉ። ላፕቶፑን ይዘህ ቦታ በቀየርክ ቁጥር አድራሻው ይለወጥብሃል፣ በዋይፋይም አንዳንዴ እምቢ ይላል፤ ከሁሉ የሚከፋው ያላለቀ ሳይትህ ኔትወርኩ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ክፍት መሆኑ ነው።

ቫይት የማይከፈተው የሚያዳምጠው የኡቡንቱን የውስጥ አድራሻ 127.0.0.1ን ብቻ ስለሆነ ነው፤ ከውጭ የመጣ ጥያቄ አይደርሰውም። ሆስቱን 0.0.0.0 አድርገህ አስነሣው። በቫይት ኮንፊግ «ኤችኤምአር» (ለውጥን ወዲያው ብሮውዘር ላይ የሚያሳየው ክፍል) ሥር ያለውን ሆስት ደግሞ 192.168.56.10 በለው፤ አለዚያ ላራቬል ገጹ ላይ የሚጽፈው የስክሪፕት ሊንክ 0.0.0.0 ይሆንና ብሮውዘሩ አያገኘውም።

በስም መክፈት ከፈለግህ ኖትፓድን በአድሚኒስትሬተር ከፍተህ የዊንዶውስን «ሆስትስ» ፋይል (ስምን ከአድራሻ የሚያገናኘውን) አርም። ስሙ በ«ዶት ቴስት» ይለቅ። «ዶት ዴቭ»ን ተወው፤ ብሮውዘሮች ያለ ኤችቲቲፒኤስ አይከፍቱትም።

ገበታ_24፦

እግዜር ይስጥልኝ። ኮዱ ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ኤንፒኤሙም ሲኤስኤሱም ተስተካከለ፣ ቫይትም ይከፈታል። ማሽኑ ራሱ ግን አሁንም ሲነሣ ይዘገያል፤ መስኮቱ ግርጌ ላይ አረንጓዴ ኤሊ ይታያል። ዲስኩንም 25 ጂቢ ሰጥቼው ሩት (ዋናው የዲስክ ክፍል) 12 ጂቢ እንኳ አይሞላም።

ከርነል_ሰፈር፦

ኤሊዋ የምትታየው ሃይፐር-ቪ (የዊንዶውስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት) ሲበራ ነው። ያኔ ቨርቹዋልቦክስ ፕሮሰሰሩን በቀጥታ አያገኘውም፤ በሃይፐር-ቪ በኩል እየዞረ ይሠራል። «ዊንዶውስ ፊቸርስ» ውስጥ ሃይፐር-ቪን፣ «ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርም»ን እና «ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርም»ን አጥፋና ሪስታርት አድርግ። ኤሊዋ አሁንም ካለች «ኮር አይሶሌሽን» ውስጥ ያለው «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» ነው ያስነሣው። እሱ ግን የደኅንነት መከላከያ ስለሆነ ከማጥፋትህ በፊት አስብበት። ዶከር ዴስክቶፕ ወይም ደብሊውኤስኤል 2 (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያሠራው) የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ እነዚህን ስታጠፋ አብረው ይቆማሉ። እንደዚያ ከሆነ ቨርቹዋልቦክስን ትተህ ደብሊውኤስኤል 2 ላይ ብትሠራ ይሻልሃል።

ራሙን 2 ጂቢ አድርገው። ዴስክቶፕ የሌለው ሰርቨር ለአንድ ላራቬል ፕሮጀክትና ለማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ይበቃዋል። ከ8ቱ 4ቱን ስትወስድበት ግን ዊንዶውስና ብሮውዘሩ ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራሉ፣ መዘግየቱ ከዚያም ይመጣል። ሲፒዩ ሁለት ይሁን።

ዲስኩ አልጠፋም። የኡቡንቱ ኢንስታለር በኤልቪኤም (ዲስክን ከፋፍሎ የሚያስተዳድር ሥርዓት) ሲጭን እንዲህ ባለ መጠን ላይ ለሩት ግማሽ ያህሉን ብቻ ይሰጥና የቀረውን ባዶ ይተወዋል። በ«ኤልቪኤክስቴንድ» የቀረውን ነጻ ቦታ መቶ በመቶ ጨምርለት፣ ቀጥለህ ፋይል ሲስተሙን ለማስፋት «ሪሳይዝ2ኤፍኤስ» በል። ሁለተኛውን ከረሳህ የዲስክ ቦታ በሚያሳየው «ዲኤፍ» ላይ ምንም አይለወጥም። ማሽኑን ማጥፋት አያስፈልግም።

ዳታ_ቋት፦

ሳይቱ አማርኛ ከሆነ ዳታቤዙን ከአሁኑ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» (ሁሉንም ፊደል የሚይዝ የጽሑፍ ኢንኮዲንግ) አድርገው። ማይኤስኪውኤል 8.0 አዲስ ሲፈጠር እንዲያ ነው፤ ከሌላ ቦታ በመጣ ዳምፕ (የዳታቤዝ ቅጂ) ውስጥ ግን «ላቲን1» የሚል (አማርኛ የማይይዝ ኢንኮዲንግ ያለው) ሠንጠረዥ ሊኖር ይችላል። እዚያ የገባ አማርኛ ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጦ ከተጻፈ ወዲያ አይመለስም። ባለ ሦስት ባይቱ ዩቲኤፍ8 ለተለመዱት ፊደላት ይበቃል፤ በ2021 ዩኒኮድ 14 ላይ ለጉራጊኛ የተጨመሩት ግን አራት ባይት ይፈልጋሉ። ዳታቤዙን ከዊንዶውስ ለማየት የማይኤስኪውኤልን ፖርት 3306ን አትክፈት፤ በኤስኤስኤች ተነል (በኤስኤስኤች ውስጥ በሚያልፍ የተጠበቀ መስመር) ግባ።

ሁሉ ነገር ከሠራ በኋላ ማሽኑን «ኦቪኤ» (ማሽኑን በአንድ ፋይል የሚይዝ ቅርጽ) አድርገህ ኤክስፖርት ብታደርገው አብረውህ የሚሠሩ ሰዎች ያን ሁሉ ዳታ ፓኬጅ ዳግም አያወጡም። ከመላክህ በፊት የላራቬል መቼት በሚይዘው «ኢኤንቪ» ፋይል ውስጥ ያሉትን የይለፍ ቃሎችና ቁልፎች አውጣ። የሚቀበለው ሰው ኢምፖርት ሲያደርግ ለኔትወርክ ካርዶቹ አዲስ ማክ አድራሻ የሚለውን ይምረጥ። ኦቪኤውን የምትወስድበት ፍላሽ በፋት32 ፎርማት ከሆነ ከ4 ጂቢ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይልሃል። ውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠህ በኤክስፋት ፎርማት አድርገው።